«ቡና ሲደርስ እከፍላለሁ»፦ በዱቤ ሽያጭ ውል ላይ የሚነሳ ክርክርና አፈታቱ በጌዴኦ



በዲላ፣ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ፣ በጨለለቅቱና በገደብ ገበያዎች ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የዱቤ ወቅት ነው። ያለፈው ዓመት የቡና ገንዘብ አልቋል፤ የዘንድሮው ፍሬ ገና አረንጓዴ ሆኖ በዛፉ ላይ ነው። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ልጆች ለትምህርት ይዘጋጃሉ፣ የለቅሶውም የሠርጉም ወጪ ቀን አይጠብቅም። ገበሬው ወደ ሱቅ ሄዶ «ቡና ሲደርስ እከፍላለሁ» ይላል፤ ባለሱቁም ደብተሩን አውጥቶ ይጽፋል። ልማዱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከአንድ አይሁዳዊ እህል በዱቤ ገዝተው የብረት ጥሩራቸውን መያዣ አድርገው እንደሰጡ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት ሐዲሥ በቡኻሪም በሙስሊምም ይገኛል። ጭንቁ የሚመጣው ከመከር በኋላ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ ውል ሁለት የተለያየ ነገር እየተናገሩ ወደ መስጊድ በር ሲመጡ። ይህ ጽሑፍ በዚያ በር ላይ ለሚቆሙ ኢማሞችና መምህራን የቀረበ ነው።

ጉዳዩ

በተደጋጋሚ ከቀረቡልን ክርክሮች ያውጣጣነውን አንድ ምሳሌ እናስቀድም። አንድ ገበሬ በሰኔ ወር ከአንድ ነጋዴ 40 ቆርቆሮ በዱቤ ወሰደ። በእጅ በእጅ ቢሆን የአንዱ ዋጋ 600 ብር፣ በጠቅላላው 24,000 ብር ነበር። ነጋዴው «በዱቤ አንዱን በ700፣ በጠቅላላው በ28,000 ብር ሸጬለታለሁ፤ የመክፈያው ቀን ታኅሣሥ 30 ነው፤ ቀኑ ካለፈ በየወሩ 1,000 ብር እንደሚጨምር ያኔውኑ ነግሬዋለሁ» ይላል። ገበሬው ደግሞ «የተስማማነው በ26,000 ነው፤ የምከፍለውም ቡናዬን ስሸጥ ነው፤ ስለ ጭማሪው የነገረኝ ከሳምንት በኋላ በስልክ ነው» ሲል ይመልሳል። ምስክር የለም። በደብተሩ ላይ የሚነበበው የገበሬው ስም፣ «40 ቆርቆሮ» እና «28,000» ብቻ ነው፤ ጽሕፈቱም የነጋዴው ነው። አሁን መጋቢት እያለቀ ነው፤ ነጋዴው 31,000 ብር ይጠይቃል። ቆርቆሮው ግን ቤቱ ላይ ተመትቷል።

በዚህ አጭር ጉዳይ ውስጥ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ መዘግየት ጭማሪና ስለ ማስረጃ የሚነሱ አራት ጥያቄዎች ተጣምረዋል። ብዙውን ጊዜ የምንሳሳተው እነዚህን ሳንለይ «ይህ ሪባ ነው» ወይም «ውል ነውና ክፈል» ብለን በአንድ ቃል ስንዘጋው ነው።

ስለ ጭማሪው

የዱቤ ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ ከፍ ማለቱ በአራቱ መዝሀቦች ዑለማእ አብዛኞች ዘንድ የተፈቀደ ነው። ሽያጭን ፈቅዶ አራጣን የከለከለው የሱረቱል በቀራህ 275ኛ አንቀጽ ይህን ከሽያጩ ክፍል ያስገባዋል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1990 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባካሄደው ስድስተኛ ጉባኤ፣ በውሳኔ ቁጥር 51 ይህንኑ አጽንቷል። ቅድመ ሁኔታው ገዢና ሻጭ ከመለያየታቸው በፊት አንዱን ዋጋ መቁረጣቸው ነው። በአንድ ሽያጭ ውስጥ ሁለት ሽያጭን የሚከለክለው ሐዲሥ ብዙ ዑለማእ የተረዱት «በእጅ በእጅ ይህን ያህል፣ በዱቤ ይህን ያህል» ተብሎ፣ አንዱ ሳይመረጥ ዕቃው ሲወሰድ ነው። በያዝነው ጉዳይ ሁለቱም ዋጋ እንደተቆረጠ ያምናሉ፤ የተለያዩት በልኩ ላይ ነው። ስለዚህ ዋጋው የክርክር እንጂ የውሉ መፍረስ ምክንያት አይሆንም።

በየወሩ 1,000 ብር የሚለው ግን ሌላ ነው። ዕዳው ከተቆረጠ በኋላ በመዘግየቱ ብቻ የሚያድግ ገንዘብ በጃሂሊያ ዘመን አበዳሪው ቀን በደረሰ ጊዜ «ትከፍላለህ ወይስ ትጨምራለህ?» ይለው የነበረው ራሱ ነው። ገዢው ፈርሞበት ቢሆን እንኳ አይጸናም። ከላይ የጠቀስነው ውሳኔ ሻጩ ጭማሪ እንዳይጠይቅ ሲከለክል ሁለት መንገድ ግን ትቶለታል፤ ገዢው አንድ ክፍያ ካሳለፈ ቀሪው ዕዳ ሁሉ ባንድ ጊዜ እንዲጠየቅ በውሉ መስማማት፣ እንዲሁም የተሸጠውን ዕቃ ራሱን ረህን፣ ማለትም መያዣ ማድረግ። አንዳንድ የዘመኑ ተቋማት ደግሞ ዘግይቶ የሚከፍል ሰው ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ቃል ያስገቡታል፤ ገንዘቡ ወደ ሻጩ ኪስ እስካልገባ ድረስ ይህን የፈቀዱ አሉ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ያላለው ነገር አለ። «ጭማሪውን ያኔውኑ ነግሬዋለሁ» ብሎ አጥብቆ ሲከራከር የሚከራከረው በራሱ ውል ላይ ነው። በአካባቢያችን መድረሳዎች በብዛት በሚቀራው በሻፊዒያ ፊቅህ እንዲህ ያለ ብልሹ ሸርጥ በውሉ መካከል ከገባ ሽያጩን ራሱን ያበላሻል። በሌላ በኩል ከዑለማእ መካከል፣ በሐናቢላ ዘንድም፣ ሸርጡን ጥሎ ሽያጩን የሚያጸና አስተያየት አለ፤ መረጃቸውም የበሪራ ታሪክ ነው። ሻጮቿ የማይገባ ሸርጥ ባስገቡ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሸርጡን ሽረው ሽያጩን አጽንተዋል። ገበሬው እንደሚለው ነገሩ ከሳምንት በኋላ በስልክ የተነገረ ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው በውሉ ውስጥ የለም፤ ሁለቱ ከተለያዩና ሽያጩ ከጸና በኋላ በዋጋም በጊዜም ላይ የሚጨመር ነገር ከውሉ ጋር አይያያዝምና። በየትኛውም መንገድ ቢኬድ 3,000 ብሩ አይገኝም።

«ቡና ሲደርስ» ቀን ነውን?

ገበሬውም በበኩሉ በራሱ ላይ ይመሰክራል። የመክፈያ ጊዜ የታወቀ መሆን አለበት፤ የዕዳው አንቀጽ እስከተወሰነ ጊዜ ይላል፤ የሰለም ሐዲሥም የታወቀ መስፈሪያ፣ የታወቀ ሚዛንና የታወቀ ጊዜ ይጠይቃል። እስከ መከር የሚል ቀጠሮ ግን በዑለማእ መካከል የቆየ ክርክር ያለበት ነው። ሻፊዒይና አቡ ሐኒፋ መከር ሊቀድምም ሊዘገይም ስለሚችል አይጸናም ብለዋል። ማሊክ ግን ፈቅደውታል፤ ሰዎች የመከሩን ወቅት ያውቁታል፣ የሚታየውም አብዛኛው ሰው የሚያጭድበት ጊዜ ነው በማለት። ኢብኑ ተይሚያም ወደዚሁ ያዘነብላሉ።

የጌዴኦን መሬት ለሚያውቅ ሰው ሁለቱም ወገኖች ያዩት እውነት እንዳለ ግልጽ ነው። ቡና በአካባቢው ሁሉም የሚያውቀው ወቅት አለው፤ ጥቅምት ሲገባ ቀይ እሸት መለቀም እንደሚጀምር ሕፃንም ይናገራል። ነገር ግን በዲላ ዙሪያና በወናጎ ዝቅ ያለው መሬት ቀድሞ ሲደርስ፣ በገደብ ከፍታ ላይ ያለው ዘግይቶ እስከ ታኅሣሥና ከዚያም በኋላ ይለቀማል። ቡና አንድ ዓመት ከሰጠ በተከታዩ የሚሰስት ዛፍ መሆኑም አለ። እንግዲህ የዲላ ነጋዴና የገደብ ገበሬ «ቡና ሲደርስ» ብለው ሲስማሙ ሁለት የተለያዩ ወራት በልባቸው ይዘው ሊሆን ይችላል። ይህ የሻፊዒይን ስጋት ከመጽሐፍ ወደ መንገድ ያወጣዋል።

ከዚህም የባሰው «ቡናዬን ስሸጥ» የሚለው ነው። እሸቱን ለማጠቢያ ጣቢያ የሚሰጥ ሰው በዕለቱ ይሸጣል፤ አድርቆ ጀንፈል አድርጎ የሚያስቀምጥ ግን ዋጋ እስኪወጣ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። መከርን አላህ ያመጣዋል፤ መሸጥ ግን በገዢው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ማሊክ ለመከር ያሉት ማስረጃ ለዚህ አይሆንም፤ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ የሚቆጥር ሸምጋይ ይሳሳታል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀን መጻፍ። አንዳንድ ደረሶች ቀጠሮ በሒጅራ ወራት ካልሆነ አይጸናም ብለው ሲያስቡ ሰምተናል። ኢማም ነወዊይ በሚንሃጅ በዐረብ፣ በፋርስና በሮም ወራት የተቆረጠ ቀጠሮ እንደሚጸና አስፍረዋል፤ ምክንያቱ ወራቱ የታወቁ መሆናቸው ነው። የእኛው ጥርና የካቲትም ለተዋዋዮቹ ከማንኛውም ወር ይልቅ የታወቁ ናቸው። (ጳጉሜን ቀጠሮ የሚያደርግ ካለ አምስተኛው ቀን ነው ስድስተኛው የሚለውን ይግለጽ፤ በዚህም ላይ ሰው ሲጣላ አይተናል።)

ደብተሩን የጻፈው ማን ነው?

የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ በቁርአን ውስጥ ረጅሙ ነው፤ ስለ ዕዳ ጽሕፈትም ይናገራል። ብዙዎቻችን ከአንቀጹ የምናስተምረው «ጻፉ» የሚለውን ነው። ነገር ግን አንቀጹ ማን ያጽፍ የሚለውንም ቆርጧል፤ የሚያጽፈው ዕዳው ያለበት ሰው ነው፣ ጸሐፊውም በመካከላቸው በትክክል የሚጽፍ ነው። ዕዳ ያለበት ሰው ራሱ ማጽፍ ካልቻለ ጉዳዩን የሚጠብቅለት ሰው በፍትሕ ያጽፍለት ይላል። ሁለት ምስክሮችም አሉ።

የሱቆቻችን ልማድ ይህን ገልብጦታል። የሚጽፈው ባለገንዘቡ ነው፤ የሚያስቀምጠውም እርሱ ነው፤ ባለዕዳው ምን እንደተጻፈበት አያይም። በአማርኛ የተጻፈውን ገዢው ላያነብ ይችላል፤ ለጌዴኡፋ ተናጋሪ ሽማግሌ ጽሑፉን በቋንቋው የሚነግረው ሰው አይጠራም። በጌዴኦ አብዛኛው ሕዝብ የሌላ እምነት ተከታይ ነው፤ ሙስሊሙ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ በንግዱ ግን የሚታይ ነው። በዚህም የተነሳ ደብተሩ የሙስሊም፣ ስሙ የተጻፈው የጎረቤቱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የአንቀጹ ትእዛዝ በዚህ አይለወጥም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መያዣ የሰጡት ለአይሁዳዊ እንደነበር ከላይ አይተናል።

ስለዚህ በያዝነው ጉዳይ «28,000» የሚለው ጽሑፍ ምን ያህል ያስረዳል? ባለገንዘቡ ለራሱ የጻፈው ነውና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የነጋዴውን አባባል ከመደገፍ አያልፍም። የአገሪቱም ሕግ በዚህ ረገድ ከእኛ ብዙ አይርቅም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ ደንግጓል። ይህ ስለ ብድር እንጂ ስለ ሽያጭ አይደለም፤ ያም ሆኖ ነጋዴዎቻችን ሲያውቁት ደብተራቸውን በሌላ ዓይን ያዩታል።

መሐላው

አሁን ሦስቱን ልዩነቶች በየመልካቸው እናስቀምጥ። ኢማም ነወዊይ በሚንሃጅ ይበልጥ ትክክል ነው ባሉት አስተያየት፣ ከተዋዋዮች አንዱ ውሉ ትክክል ነው ሌላው ብልሹ ነው ቢሉ፣ ትክክል ነው የሚለው ከመሐላው ጋር ይታመናል። ስለ መዘግየት ጭማሪው ውሉን ንጹሕ የሚያደርገው ቃል የገበሬው ነው፤ እርሱ ይምላል። ስለ ጊዜው ውሉን ንጹሕ የሚያደርገው ቃል የነጋዴው ታኅሣሥ 30 ነው፤ እርሱ ይምላል። እያንዳንዱ በአንዱ ነገር አሸንፎ በሌላው ይሸነፋል፤ «ማን ልክ ነው?» ብሎ አንዱን ወገን ብቻ የሚፈልግ ሸምጋይ ይህን ሳያይ ያልፋል።

የቀረው ዋጋው ነው፦ 28,000 ወይስ 26,000። ሁለቱም ከሳሽም ተከሳሽም ስለሆኑ፣ ማስረጃ ከሳሽ ላይ፣ መሐላ ካጂ ላይ የሚለው መሠረት ለሁለቱም ይደርሳል። በሻፊዒያ ይህ ተሓሉፍ ይባላል። በሻጩ ይጀመራል፤ በአንድ መሐላ የሌላውን ቃል ክዶ የራሱን ያጸናል፣ «በ26,000 አልሸጥኩም፤ በ28,000 ሸጫለሁ» ብሎ። ገዢውም እንዲሁ። ሁለቱም ምለው በአቋማቸው ከጸኑ ውሉ ይፈርሳል። በሐነፊያ ዘንድ ዕቃው በሕልውና ካለ በዋጋ ላይ ሁለቱም ይማማላሉ፤ ዕቃው ከጠፋ ግን አቡ ሐኒፋ የገዢውን ቃል ከመሐላው ጋር ይቀበላሉ።

ውሉ ከፈረሰ ቆርቆሮው ይመለሳል ማለት ነው። ተመትቶ፣ ተበስቶ፣ ሁለት ክረምት ሊያይ የተዘጋጀ ቆርቆሮ! ፊቅሁ ለዚህም መልስ አለው፤ ገዢው ዕቃውን ከጉድለቱ ካሳ፣ ከአርሽ ጋር ይመልሳል። ነገር ግን በዝናብ ዋዜማ የሰው ጣሪያ የሚያስነቅል ፍርድ ሁለቱንም የሚጎዳ መሆኑን ለማየት ፈቂህ መሆን አያስፈልግም። ነጋዴው በሚስማር የተበሳ ቆርቆሮ አይፈልግም፤ ገበሬውም ቤቱን አያፈርስም። ተሓሉፍ ሰዎችን ወደ እርቅ የሚገፋው ከዚህ የተነሳ ይመስለናል። ደግሞም የሰው ገንዘብ ለመውሰድ በሐሰት በሚምል ሰው ላይ የመጡት ሐዲሦች ከባድ ናቸው፤ ለ2,000 ብር ሲባል ሰውን ወደ መሐላ ማስቸኮል አይገባም።

በስልክ ስለሚወሰድ ዱቤ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብድርና ዱቤ ወደ ስልክ ገብቷል። ዳሸን ባንክ በ2015 ዓ.ም. ያስተዋወቀው አገልግሎት ስሙን እንኳ የወሰደው ሱቆቻችን «ዱቤ የለም» ብለው ከሚለጥፉት ማስታወቂያ በተቃራኒው ነው፦ «ዱቤ አለ»። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ስለዚህ መሰል አገልግሎት ሲጠይቁን ስሙን ይዘን ሐላል ወይም ሐራም አንልም፤ ውሉን እናስነብባቸዋለን።

ልዩነቱ እዚህ ሦስተኛ ሰው መኖሩ ነው። ገንዘብ ከፋዩ ተቋም ዕቃውን ለራሱ ገዝቶ፣ በእጁ አድርጎ፣ ከዚያ በታወቀ ትርፍ ለደንበኛው ከሸጠ ሙራበሐ ነው። ለሱቁ በደንበኛው ስም ገንዘብ ብቻ ከከፈለ ግን ያበደረው ገንዘብ ነው፤ ከዚያ በላይ ከገንዘቡ ልክና ከጊዜው ጋር የሚያድግ ክፍያ ሁሉ፣ «የአገልግሎት» ቢባልም፣ የብድር ጭማሪ ነው። ከደንበኛው ሳይሆን ከሱቁ የሚወሰድ ኮሚሽንን በተመለከተ የፊቅህ አካዳሚው በ2000 እ.ኤ.አ. በሪያድ በውሳኔ ቁጥር 108 ስለ ብድር ካርድ ሲወስን፣ ነጋዴው በካርድ የሚሸጠው በእጅ በእጅ ዋጋ እስከሆነ ድረስ ፈቅዶታል። ክርክር ከተነሳ ደግሞ ደንበኛው «አላነበብኩም» ማለቱ ብቻ አያድነውም፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ሲጫን ተዋውሏል። በሸሪዓ የማይጸና የመዘግየት ጭማሪ ግን በስልክም ሆነ በደብተር አንድ ነው። ከመጫኑ በፊት የውሉን ገጽ ፎቶ እንዲያነሳና እንዲያስቀምጥ መምከር ከኢማም የሚጠበቅ ነው፤ በኋላ የሚታየው ጽሑፍ ያኔ የታየው ስለመሆኑ ማስረጃው እርሱ ነውና።

ወደ እርቁ

ኢማም ዳኛ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለሃይማኖት ሕግ ቦታ የሰጠው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም ሥልጣናቸውን በጋብቻ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት፣ ያውም በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ላይ መሥርቷል። የቆርቆሮ ዕዳ እዚያ አይደርስም። ሁለቱ ካልተስማሙ መንገዳቸው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱም ፈቅደው ከመጡልን ግን ሸምጋይ እንሆናለን፤ ገዢው ሙስሊም ካልሆነ ከሶንጎው ሽማግሌዎች አንዱን አብሮን እንዲቀመጥ መጋበዝ ልባቸውን እንደሚያሳርፍ አይተናል።

ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) በመስጊድ ውስጥ ዕዳውን ሲጠይቁ ድምፃቸው ከፍ ባለ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የክፍላቸውን መጋረጃ ገልጠው ግማሹን እንዲተውለት በእጃቸው አመለከቱት፤ ከዕብ እሺ ሲሉ ባለዕዳውን ተነሥተህ ክፈል አሉት። ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ላይ ናቸው፤ ያኛው ይተዋል፣ ይህኛው ሳይዘገይ ይከፍላል። መቻል እያለው የሚያዘገይ ሰው በዳይ እንደሆነ ሐዲሥ መጥቷል፤ ያጣ ሰው ደግሞ በበቀራህ 280ኛ አንቀጽ እስኪያገኝ ይጠበቃል። ቡናውን ሸጦ ገንዘቡን ለሌላ ያዋለና ቡናው ያልሰጠው ገበሬ አንድ አይደሉም፤ ይህን ሳያጣሩ «ታገሠው» ማለት ነጋዴውን መበደል ነው።

በያዝነው ጉዳይ 3,000 ብሩ በእርቅ የሚቀነስ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ የለም። ያን ካወጣን በኋላ በሁለቱ መካከል የቀረው ልዩነት 2,000 ብር ብቻ ነው፤ ይህን ቁጥር በግልጽ መናገር ብቻ ብዙ ጊዜ ጩኸቱን ያበርዳል። በመሐል 27,000 ብለው ቢታረቁስ? ሻፊዒያ ተከሳሹ እየካደ የሚደረግ ሱልሕን አያጸኑም፤ ሌሎቹ ሦስቱ መዝሀቦች ያጸኑታል። እኛ የምንመርጠው ነጋዴው ከሚለው ዕዳ ላይ በነጻ ፈቃዱ እንዲተው፣ ገበሬውም ካስታወሰ የቀረውን እንዲያምን ማድረግ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ነገሩ በሁሉም ዘንድ ንጹሕ ነው። አዲስ ቀጠሮ ከተሰጠ ለቀጠሮው ተብሎ አንዲት ብር አትጨመርም፤ ገበሬው ከቀኑ ቀድሞ ቢከፍልና ነጋዴው ያኔ በራሱ ፈቃድ ቢቀንስለት ግን፣ አስቀድሞ የተስማሙበት እስካልሆነ ድረስ፣ አካዳሚው በ1992 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል።

ከዚያ ይጻፍ። ገበሬው በቋንቋው ይናገር፤ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ ሰው ይጻፈው፤ የተጻፈው ተመልሶ ይነበብለት። የብሩ ልክ በአኃዝና በፊደል፣ የመክፈያው ቀን ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ ይስፈር፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ። ቅጂው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከገበሬው ጋር ወደ ቤቱ ይሂድ።